‹‹ቀድሜ ነው የመጣሁት!›› ለመርከብ አይነገርም

መቼም የመተማን አስፋልት የሚያውቅ ሰው የቅድሚያን ሕግ ከትራፊክ ፖሊስ አይማርም። ሕጉ አጭር ነው። ፍየል ለባጃጅ ትለቃለች፤ ባጃጅ ለአይሱዙ ይለቃል፤ አይሱዙ ለተሳቢ ይለቃል፤ ተሳቢ ለማንም አይለቅም። ተሳቢን የሚያስቆም አንድ ፍጡር ብቻ አለ፤ እሱም ግመል ነው። ግመል ደግሞ የሚለቀው ለፈጣሪው ብቻ ነው፤ ለዚያውም ደስ ካለው!

የኛ አገር ባጃጅ ነጂ መንጃ ፈቃዱን ቤት ረስቶ ሊወጣ ይችላል፤ ይህችን ሕግ ግን ረስቶ አይወጣም። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲነዳ ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ ከኋላው ሲያጓራ ከሰማ ‹‹እኔ ነኝ የቀደምኩት፤ መብቴ ነው›› ብሎ ክርክር አይከፍትም። ሦስት ጎማውን ይዞ አቧራው ላይ ይወርዳል። ተሳቢው ያልፋል። ባለባጃጁ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሾፌሩን በሆዱ ይሰድባል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። እናንተዬ፣ የመንገድ ሕግ ሁሉ ተጨምቆ ቢወጣ ጭማቂው ይኸው አይደለም? ማታ ቤት ገብቶ እራት መብላት!

የሚገርመው ነገር ታዲያ ወዲህ ነው። አስፋልት ላይ እንዲህ ብልህ የሆነው የቆላ ልጅ ውሃ ላይ ሲወጣ ብልሃቱን ከጫማው ጋር ዳር ላይ አስቀምጦ ነው የሚሳፈረው። ለተሳቢ የሚለቅ ሰው ለሞተር ጀልባ ‹‹አልለቅም!›› ይላል። ለምን ሲሉት መልስ የለውም። ምናልባት ውሃ ላይ አቧራ ስለሌለ ይሆናል።

የመተማ ልጅና ጀልባ ምን አገናኛቸው?

እንዲህ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እርግጥ ነው፣ ጓንጋችን መርከብ አያስኬድም። ክረምት ሲሞላ ድልድይ ካላገኘህ ወዲያ ማዶ አያሻግርህም፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ አሸዋውን እያሳየ እግርህን አጥቦ ይሸኝሃል። ሽንፋም ያው ወንድሙ ነው።

ግን በሚያዝያ ፀሐይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ያገራችን ወጣት ምን ያደርጋል? ብር ያጠራቅማል፣ ጓደኛ ያሰባስባል፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ አዘዞ ይወጣል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ጎርጎራ ላይ ጣናን ያገኛል። ሙሽራ ይሁን ተመራቂ፣ ሰሊጥ የሸጠ ይሁን ሰሊጥ ያጨደ፣ ውሃው ዳር እንደ ደረሰ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ‹‹ታንኳ ስንት ነው?››

ጣና ደግሞ የዋዛ ውሃ አይደለም። ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 37 ደሴቶች አሉት። ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ በተባለበት ቦታ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ‹‹ታዲያ ይህ ምን ያስፈራል?›› ለሚለኝ ጀግና መልስ አለኝ። ሰው ለመስጠም 2 ሜትር ይበቃዋል፤ ቀሪው 13 ሜትር ትርፍ ነው።

በዚህ ውሃ ላይ ታላቅና ታናሽ አብረው ይኖራሉ። ታናሽየዋ ታንኳ ናት። የጣና ዳር ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ በሚያውቁት ጥበብ ከደንገል እየታሰረች ትሠራለች። ዓሣ ታጠምዳለች፣ እንጨት ታመላልሳለች፣ ውሃ ስትጠጣ ደግሞ ዳር ወጥታ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች። ታላላቆቿ የሞተር ጀልባዎቹና ከባሕር ዳር ጎርጎራ ድረስ ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩት የጣና መርከቦች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የባሰች መጣች፤ ‹‹ጣና ነሽ 2››። ርዝመቷ ወደ 38 ሜትር ነው፤ 188 ሰው ትይዛለች ተብሎላታል።

ይህች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጣና የመጣችው በምን መሰላችሁ? በአስፋልት! ተጭና፣ እየተጎተተች፣ በረሃውንና ተራራውን አቋርጣ። መርከብ በመኪና መንገድ ስታልፍ ያየ ትውልድ ነን እንግዲህ። ያን ጊዜ ባጃጁም፣ አይሱዙውም፣ ተሳቢውም ጥግ ይዞ አሳለፋት። ‹‹እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት!›› ብሎ ከፊቷ የተገተረ ሰው ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። ጎማ ላይ ተጭና ስትሄድ የተፈራች መርከብ እውነተኛ ቤቷ ውሃ ውስጥ ስትገባ የምትናቅበት ምክንያት ነው ያልገባኝ።

‹‹ጣቴ ከበደኝ››

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አንዲት የገንዳ ውሃ ልጅ በስልክ የላከችልኝ መልእክት ነው። ስሟ ይቆየን። እንዲህ ትላለች፦

‹‹እጮኛዬ ጥሩ ሰው ነው። ይሠራል፣ አይጠጣም፣ ቤተሰቦቼን ያከብራል። ከጓደኞቻችን ጋር ጎርጎራ ሄድን። እኔና እሱ ታንኳ ተከራየን፤ ጓደኞቻችን ዳር ሆነው በስልክ ይቀርጹናል። ባለታንኳው አዛውንት ናቸው። እሱ ‹አባት፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ እቀዝፋለሁ› ብሎ መቅዘፊያውን ተቀበላቸው። ትንሽ እንደ ሄድን የሞተር ጀልባ መጣ። ሽማግሌው ‹ልጄ፣ ወደ ዳር እንበል› አሉት። ‹እኛ ቀድመን ነው የገባነው፤ እሱ ይዙር!› አለ። ደግመው ነገሩት። ‹የመተማ ልጅ መንገድ አይለቅም አባት!› ብሎ ሣቀ። ጀልባው አልነካንም፤ በአጠገባችን ነው ያለፈው። ማዕበሉ ግን ታንኳዋን በጎን መታትና ውሃ ውስጥ ገባሁ። ሽማግሌው በነጠላዬ ጎትተው አወጡኝ። ዳር እንደ ወጣን እጮኛዬ መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰለህ? ጀልባው ወደ ሄደበት ዞሮ ‹አንተ ሕግ አታውቅም!› ነው። እኔን ‹ተረፍሽ ወይ?› ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሠርጋችን ለጥር ነው። ቀለበቱ ጣቴ ላይ አለ፤ ግን ጣቴ ከበደኝ። ቤተሰቦቼ ‹በአንድ ማዕበል ትዳር ይፈርሳል?› ይሉኛል። አንተ ምን ትላለህ?››

እህቴ፣ መልሱን እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን እጮኛሽ የረሳውን አንድ ነገር ላስታውሰው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ነው እንጂ ከሞተር ጀልባ ጋር ቅድሚያ ሲከራከሩ አይደለም። የዚያን አገር ጀግንነት ለታንኳ ግልቢያ አናውለው!

ትልቁ ለምን አይለቅም?

ብዙ ሰው ትልቅ ጀልባ ወይም መርከብ የማይለቀው በጥጋብ ይመስለዋል። ጥጋብ ያለበት የለም አልልም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ አለመቻል ነው።

አንደኛ ነገር፣ መርከብ ፍሬን የለውም። መኪና የሚቆመው ጎማው አስፋልቱን ስለሚይዝ ነው። ውሃ ምኑ ይያዛል? መርከብ ሞተሩን ቢያጠፋ፣ ወደ ኋላ ቢያሽከረክር እንኳ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት መንሸራተቱን አይተውም። ትልልቆቹ የባሕር መርከቦች ሙሉ በሙሉ እስኪቆሙ ድረስ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳሉ። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ፊዚክስ ላይ ‹‹ኢነርሺያ›› እያልን የሸመደድነው ነገር ይኸው ነው። ያኔ ‹‹ይህ ምን ይሠራልናል?›› ያላችሁ ሁሉ፣ ጣና ላይ ይሠራላችኋል።

ሁለተኛ ነገር፣ አያይህም። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። ‹‹እኔ እያየሁት እንዴት እሱ አያየኝም?›› ይላል። አንተ የምታየው ቤት የሚያህል ነገር ነው፤ እሱ የሚያየው ውሃ ላይ የተኛ የደንገል እስር ነው። በዓለም አቀፉ የመርከብ ደኅንነት ሕግ መሠረት የአንድ መርከብ አዛዥ ከፊቱ ያለው ውሃ ከመርከቡ ርዝመት እጥፍ ወይም ከ500 ሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳይሸፈንበት ይጠየቃል። ተገላብጦ ሲነበብ ምን ማለት ነው? 200 ሜትር የምትረዝም መርከብ ከአፍንጫዋ ፊት እስከ 400 ሜትር ድረስ ያለውን ላታይ ትችላለች፤ ሕጉም ፈቅዶላታል! ዛሬ የኛም ልጆች የማሪታይም ትምህርት እየተማሩ የዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ ከላይ ሆኖ የማያይህ ሰው የግድ ፈረንጅ አይደለም፤ የአጎትህ ልጅም ሊሆን ይችላል።

‹‹ጣና ላይ ያን የሚያህል መርከብ የታለና?›› ካልክ ደግሞ፣ ትንሹም የሞተር ጀልባ ቢሆን ሲፈጥን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል። አፍንጫው ሲነሣ ነጂው ሰማዩን እንጂ ፊቱ ያለውን ውሃ በደንብ አያይም። አንተም ያለኸው እዚያው ነው።

ሦስተኛ ነገር፣ መሪው ቶሎ አይታዘዝም። ትልቅ መርከብ ስትዞር አፍንጫዋ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ጅራቷ ወደ ሌላው ወገን ይጠርጋል። ‹‹ዞረችልኝ›› ብለህ ሳትጨርስ በጅራቷ ታገኝሃለች። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. 400 ሜትር የምትረዝመው ኤቨር ጊቭን ነፋስ በበረታበት ቀን ሱዌዝ ቦይ ውስጥ አግድም ተወሽቃ የዓለምን ንግድ ለስድስት ቀን እንደዘጋች ታስታውሳላችሁ። እሷ ራሷን ከአሸዋ ማዳን ያቃታት ናት እንግዲህ፤ አንተን በምን ዕዳዋ ታድንህ?

የደቂቃ ሒሳብ

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሽሹ፣ ቀላል ናት። ታንኳ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ይህ በደቂቃ 50 ሜትር ነው። የሞተር ጀልባው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በደቂቃ 500 ሜትር ይበላል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ስታየው እንግዲህ ያለህ ጊዜ 2 ደቂቃ ነው። ያኔ መቅዘፍ ከጀመርክ 100 ሜትር ትርቃለህ፤ በሰላም ያልፋል፣ እጅህንም ታውለበልብለታለህ። ‹‹ቆይ እስኪ ይዞር እንደሆነ ልየው›› ብለህ 250 ሜትር ላይ ሲደርስ ከነቃህ ግን የቀረህ 30 ሰኮንድ ነው፤ የምትርቀውም 25 ሜትር ብቻ። በዚያ ርቀት የምታውለበልበው እጅህን ሳይሆን ጸሎትህን ነው።

ባሕር ላይ ደግሞ ይብሳል። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የምትሄድ የዕቃ መርከብ 10 ኪሎ ሜትር ርቃ ስትታይ የቆመች ነው የምትመስለው። በ16 ደቂቃ ገደማ ራስህ ላይ ናት። አንድ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እንኳ አይወርድም!

ምስጢሩ እንግዲህ አንድ ቃል ነው፤ ቀደም ብሎ። ትንሽ ጀልባ ጉልበት የላትም፣ ፍጥነት የላትም። ያላት ሀብት ጊዜ ብቻ ነው። እሱን ‹‹ይዞር እንደሆነ›› እያለች ከበተነችው ድሃ ሆና ነው የምትቀረው።

ይመጣብኛል ወይስ ያልፈኛል?

‹‹ወደኔ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?›› ለምትሉ መርከበኞች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ዋጋውም ነጻ ነው። አቅጣጫህን ሳትለውጥ እየሄድክ ጀልባው ከጓደኛህ ትከሻ ትይዩ ታየህ እንበል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወደ ጆሮው ወይም ወደ ጀርባው ሸሽቶ ካገኘኸው ያልፍሃል። እዚያው ትከሻው ላይ ቁጭ ብሎ እየወፈረ ከሄደ ግን ወዳጄ፣ ቀጠሮ ይዛችኋል። ቀጠሮውን ሰርዝ።

ማታም ምልክት አለ። ጀልባና መርከብ በግራቸው ቀይ፣ በቀኛቸው አረንጓዴ መብራት ያበራሉ። ቀዩን ብቻ ወይም አረንጓዴውን ብቻ ካየህ ጎኑን ነው የሚያሳይህ። ሁለቱንም አንድ ላይ ካየህ ግን ቀጥታ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። የትራፊክ መብራት መስሎህ ‹‹አረንጓዴ በርቷል›› ብለህ እንዳትሻገር! አንተም ብትሆን በጨለማ ያለ ባትሪ አትውጣ። ዓለም አቀፉ ሕግ ለሚቀዘፍ ጀልባ እንኳ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ አዘጋጅቶ ግጭት ሳይደርስ እንዲያሳይ ያዛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በጨለማ ታንኳ ላይ አለመውጣት ነው። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጠዋት ውጣ፣ ከሰዓት ዓሣህን ብላ።

ሕጉስ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1972 አገሮች የተስማሙበት የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ አለ። የተጻፈው ለባሕርና ከባሕር ጋር ለተገናኙ ውሃዎች ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሐይቅም ይጠቅማል። ፊት ለፊት የሚገናኙ ባለሞተሮች ሁለቱም ወደ ቀኝ ይላሉ። መንገድ የሚቆራረጡ ከሆነ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ይለቃል። ከኋላ ደርሶ የሚቀድም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከሚቀደመው ይርቃል። በጠባብ መተላለፊያ ግን ርዝመቷ ከ20 ሜትር በታች የሆነች ጀልባ ከመተላለፊያው መውጣት የማይችለውን ትልቅ መርከብ መንገድ አትዘጋም። አምስትና ከዚያ በላይ አጫጭር ክላክስ ከሰማህ ደግሞ ሠርግ አይደለም። ‹‹ምን እያሰብክ እንደሆነ አልገባኝም!›› ማለቱ ነው። በእኛ አገር ቋንቋ ሲተረጎም ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ጤና ነህ?›› እንደማለት ነው።

አያችሁ፣ ሕጉ አንዳንዴ ከትንሹም ጋር ይቆማል። ከኋላ ደርሶ የሚያልፍ ባለሞተር መራቅና ፍጥነቱን መቀነስ የሱ ፈንታ ነው። ያቺን ልጅ ያረጠባት ሰውዬም ጥፋት የለበትም አልልም። በታንኳ አጠገብ እንደዚያ አይበረርም። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፣ ትክክለኛ ሬሳ ካጠፋ ሬሳ በምን ይለያል? ለቅሶው ያው ነው፣ ድንኳኑ ያው ነው፣ ንፍሮውም ያው ነው። መብትህን ዳር ወጥተህ ጠይቅ፤ ክሰስ፣ ተከራከር፣ ለሽማግሌ ንገር። ውሃው መሀል ግን ዳኛ የለም።

ሦስቱ የውሃ ላይ ጀግኖች

ጎርጎራ ዳር ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሰው የታዘበ ሦስት ዓይነት ጀግና አያጣም።

የመጀመሪያው ‹‹ያየኛል›› ነው። ይህ ሰው ዓለም ሁሉ እሱን ሲያይ የሚውል ይመስለዋል። ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ስለመጣ ብቻ የሚስተው ዓይን የለም ብሎ ያምናል።

ሁለተኛው ‹‹አንዴ ልነሣ›› ነው። ትልቁ ጀልባ እንዲገባለት ፈልጎ ታንኳ ላይ ቆሞ በስልኩ ራሱን ይቀርጻል። የሚቀረጸው አደጋ ከጀርባው እንደሚመጣ ግን አያይም፤ እሱ የሚያየው ፀጉሩን ነው። ቲክቶክ ላይ ሺህ ሰው ይወድለታል፤ ከውሃ የሚያወጣው ግን ከሺሁ አንዱም እዚያ የለም።

ሦስተኛው ‹‹ዋና እችላለሁ›› ነው። የት ተማርክ ቢሉት ‹‹ጓንግ›› ይላል። ወንድሜ፣ ጓንግ ላይ የሞተር ጀልባ ከጀርባው የሚሽከረከር ብረት ይዞ አይመጣብህም። ወደ ሞተሩ መዋኘት ወደ ሰሊጥ ማጨጃ እንደመግባት ነው።

አራተኛ ጀግናም አለ፤ እሱ ግን ሰው አይደለም። ጉማሬ ነው። ሞተር የለው፣ መብራት የለው፣ ታርጋ የለው፤ ድንገት ብቅ ይላል። ለታንኳ እሱም ትልቅ መርከብ ነው። ከሞተር ጀልባ በምን ይለያል ብትሉ፣ ጀልባው ሳያይህ ነው የሚመጣው፤ ጉማሬው አይቶህ ነው። ‹‹እዚህ ጋ ጉማሬ አለ›› ያለህን ባለታንኳ ደግመህ አታስናግረው።

ሣቁን ትንሽ እናቁመው

ይህን ሁሉ የምቀልደው ስለ ሽርሽር እያወራን ስለሆነ ነው። የኛ መተማ ግን ለብዙ ወጣት የሽርሽር መንገድ አይደለችም። ስንቱ በዚህች ከተማ አልፎ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ወደ ሜዲትራኒያን ሄዷል? የዚያ መንገድ መጨረሻ ጀልባ ናት፤ ከአቅሟ በላይ የተጫነች ትንሽ ጀልባ።

ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ሌሊት ከሊቢያ የተነሣች በስደተኛ የታጨቀች የዓሣ ጀልባ ሜዲትራኒያን ላይ ተቸገረች። ኪንግ ጃኮብ የምትባል የፖርቱጋል ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልብ የንግድ መርከብ ለእርዳታ መጣች። ልብ በሉ፣ ልትገጭ አልመጣችም፣ ልታድን ነው የመጣችው። ጀልባዋን የያዘው ሰው መምራት አቃተውና ከመርከቧ ጋር አላተማት። ተሳፋሪው ተደናግጦ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ተገለበጠች። ከ800 በላይ ሰው እንደሞተ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት አስታወቀ። የተረፉት 28 ብቻ ናቸው። ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ የአፍሪካ ቀንድ ልጆች ነበሩ።

እነዚያ ወጣቶች ጥፋት የለባቸውም። መሪው እጃቸው ላይ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ከታች ተቆልፎባቸው ነበር። እኔ ይህን የማነሣው አንድ ነገር ልብ እንድትሉ ነው። ትልቅ መርከብ ለትንሽ ጀልባ አደገኛ የሚሆነው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ትልቅ ስለሆነ ነው። ለደግነት ሲመጣም ያው ነው። ‹‹መጡልን!›› ብሎ ሁሉም በአንድ ጎን ሲነሣ ጀልባ ይገለበጣል። ገመድ ወይም ትንሽ ጀልባ እስኪልኩ ድረስ ተቀምጦ መጠበቅ ሕይወት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እዚያች ጀልባ ላይ አለመውጣት ነው። መተማ ላይ ቆሞ ‹‹በሦስት ወር አውሮፓ ነህ›› የሚል ደላላ ሲያናግራችሁ ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ጀልባው ጠይቁት። ማነው የሚነዳት? ስንት ሰው ትይዛለች? ስንት ትጭናላችሁ? መልሱን ዓይኑ ላይ ታገኙታላችሁ።

ለገንዳ ውሃዋ እህቴ

እንግዲህ ወደ ቀለበትሽ ልመለስ። በአንድ ማዕበል ትዳር አይፈርስም፤ ቤተሰቦችሽ ልክ ናቸው። ግን ማዕበሉን አትመዝኚ፤ ከማዕበሉ በኋላ የመጣውን መዝኚ።

አስፋልት ላይ ለተሳቢ ይለቃል? ይለቃል። ስለዚህ መልቀቅ ያውቃል ማለት ነው። ውሃ ላይ ያልለቀቀው ጓደኞቹ ስለሚቀርጹት፣ አንቺም አጠገቡ ስለተቀመጥሽ ነው። ይህን ራሱን ጠይቂው። ‹‹በዚያች ሰዓት ከኔና ከክብርህ ማንን ነበር የጫንከው?›› በይው። ትንሽ ዝም ብሎ አስቦ ‹‹መልቀቅ ነበረብኝ›› ካለሽ፣ ጎርጎራ ድረስ ተመልሶ እኒያን አዛውንት ‹‹አባት፣ እጮኛዬን አትርፈውልኛል›› ብሎ ካመሰገናቸው፣ ጥር ሩቅ አይደለም፣ ድግሱን አዘጋጁ። አሁንም ‹‹ጥፋቱ የባለጀልባው ነው›› እያለ ካለ ግን ሠርጉን ለሚያዝያ አስተላልፊው። አትፍረጂበት፤ ጊዜ ስጪው። ትዳር ውስጥ ደግሞ ከሞተር ጀልባ የሚብስ ትልቅ ነገር ይመጣል። ሕመም ይመጣል፣ ማጣት ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ይመጣል። ያኔ ‹‹አልለቅም›› የሚል ሰው አብሮት የተቀመጠውን ነው የሚያሰጥመው።

ለሁላችሁም

ጎርጎራም ሂዱ፣ ባሕር ዳርም ሂዱ፤ ሐይቁ የናንተ ነው። ግን ሳትሳፈሩ የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁና እዚያው ዳር እሰሩት። ከሌለ አትሳፈሩ። መቅዘፊያውን ለባለሙያው ተዉት፤ ‹‹ወደ ዳር›› ካለ ወደ ዳር ነው። ትልቁን ከሩቅ እዩት፤ ወዴት እንደምትሄዱ እንዲገባው ቁርጥ አድርጋችሁ ዙሩ። በፊቱ አትሻገሩ፤ ይለፍና በኋላው በሩቁ እለፉ። ማዕበሉ ሲደርስ ጎናችሁን አትስጡት፤ የጀልባዋን አፍንጫ በትንሹ ሰያፍ ወደ ማዕበሉ አዙሩና ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አትቁሙ፣ ሁላችሁም ወደ አንድ ጎን አትሂዱ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

ለትልቅ መልቀቅ ፍርሃት የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ እስኪ ከገንዳ ውሃ ባጃጅ ይሳፈርና ነጂውን ይጠይቀው። አቧራውን እየጠረገ ይመልስለታል።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ማታ ማታ ሁላችሁም ቤታችሁ ግቡልኝ። ቸር ሰንብቱ!